የኔትወርኩ እርማት በየት በኩል ይምጣ? የፍሎፒና የሞደም ዘመን አፕዴት

ዛሬ ነፋስ መውጫ ላይ ቁጭ ብለው ስልክዎ «አፕዴት አለ» ቢልዎ ውሳኔው ቀላል ነው። ፓኬጅ ካለዎት ይጫኑታል፣ ከሌለዎት ያልፉታል። ከ30 ዓመት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። ያኔ ራስ ምታት የሚሆነው ኮምፒውተሩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ራሱ ሲበላሽ ነው። እርማቱ የሚመጣው በዚያው በተበላሸው መንገድ ነበርና። ታዲያ ሰዎች እንዴት ያደርጉ ነበር? ምን ያህልስ ያወጡ ነበር? ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ፣ የኔትወርክ ፕሮግራም ምንድን ነው? አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ለገበያ ሲያወጣ ማሽኑ የተሠራው ለብቻው እንዲሠራ ነበር። ዶስ የሚባለው መሠረታዊ ፕሮግራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ተነሥቶ ሌሎቹን የሚያስተዳድረው፣ ስለ ኔትወርክ ምንም አያውቅም። መገናኘት የፈለገ ሰው ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛው ዕቃ ነው፤ ወይ የኔትወርክ ካርድ፣ ወይ ሞደም። ሞደም የኮምፒውተሩን ቁጥሮች ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ መስመር የሚልክ፣ ከወዲያ የመጣውንም ድምፅ ወደ ቁጥር የሚመልስ ሳጥን ነው። ሲደውል የሚያሰማው የሚሰነጥቅ ጩኸት ትዝ የሚላቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። ሁለተኛው ጭማሪ ፕሮግራሙ ነው።

የፕሮግራሙ ሥራ ብዙ ነው። የሚላከውን ጽሑፍ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ይከፋፍለዋል። በየቁራጩ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይጽፋል። ከወዲያ በኩል ያለው ፕሮግራም ደግሞ ቁራጮቹን በተራ ያስቀምጣል፣ የጎደለ ካለ ድጋሚ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ አንዷ ስሌት ብትሳሳት ደብዳቤው ይቆረጣል ወይም ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

ለምን ይሳሳት ነበር? ሠሪዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይመስለኝም። ካርዱን አንዱ ድርጅት ይሠራል፣ ዶስን ሌላው፣ የኔትወርኩን ፕሮግራም ሦስተኛው፤ የስልኩ መስመር ደግሞ የቴሌ ነው። አራቱ የሚገናኙት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ላይ የሞከራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ለምሳሌ ኔትዌር የተባለው የኖቬል ኔትወርክ ያኔ በየቢሮው የታወቀ ነበር። ታዲያ የቀድሞው የኔትዌር ማገናኛ ፕሮግራም ለዶስ 2 አንድ፣ ለዶስ 3 ሌላ፣ ለዶስ 4 ደግሞ ሌላ ነበር። ዶሱን ያሳደገ ሰው ኔትወርኩ ይቋረጥበታል። ኋላ ላይ ኖቬል ለሁሉም የሚሆን አንድ ፕሮግራም አወጣና ሰው ተገላገለ።

የማስታወሻ ጥበትም ነበር። በዶስ ጊዜ ተራ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የማስታወሻ ቦታ ከ640 ኪሎባይት አይበልጥም። አንድ ፎቶ ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። የኔትወርኩ ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ ስህተቱ የታረመለት አዲሱ ቅጂ በጥቂት ኪሎባይት ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ይሠራና የሒሳብ ፕሮግራሙ «ቦታ የለኝም» ብሎ እምቢ ይላል። አንዱን ሲያርሙ ሌላው መበላሸቱ የተለመደ ነበር።

አሁን ወደ እርማቱ እንምጣ። አንድ ተጠቃሚ «እንዲህ ሳደርግ ይቆማል» ብሎ ለሠሪው ይጽፋል። ሠሪው ችግሩን በራሱ ማሽን ላይ ደግሞ ለማየት ይሞክራል። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ የእርስዎ ካርድና የእርስዎ መስመር እሱ ዘንድ የሉምና። ካገኘው ፕሮግራሙን አስተካክሎ አዲስ ፋይል ያወጣል። አንዳንዴ ሙሉውን ፋይል ይልካል፤ አንዳንዴ የተቀየረውን ብቻ። የተቀየረውን ብቻ የያዘው ፓች ይባላል፤ ትንሽ ስለሆነ መላኩ ይረክሳል። ነገር ግን የሚሠራው እርስዎ ዘንድ ያለው አሮጌ ቅጂ ሠሪው ካሰበው ቅጂ ጋር በትክክል አንድ ከሆነ ነው።

ጋይንት ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ ድጓን በየአገሩ የተማረ ሰው ለማስመስከር እዚያው ጋይንት እስካለችው ቤተ ልሔም ድረስ የሚመጣው ዜማውና ምልክቱ ከዋናው ጋር መግጠሙ እንዲረጋገጥ ነው። ፕሮግራምም እንደዚያ ነው። ዋናው ሠሪው ዘንድ አለ፤ በየጠረጴዛው ያለው ግልባጭ ነው፤ እርማት ከመግባቱ በፊት ግልባጩ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በቁጥርና በሰዓት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ 3.11 የሠራው የኢንተርኔት ማገናኛ መጀመሪያ 3.11 ተባለ፣ ሲታረም 3.11ኤ፣ እንደገና ሲታረም 3.11ቢ። በነጻ ነበር የሚሰጠው፤ አንድ ፍሎፒም ይበቃዋል። ከዚህ የረቀቀው ምልክት ግን ሰዓቱ ነው። የዶስ 6.22 ፋይሎች የተጻፉበት ሰዓት 6:22 ይላል፤ የዊንዶውስ 3.1ዎቹ 3:10። የፋይሎቹን ዝርዝር አውጥቶ ሰዓቱን ያየ ሰው የትኛው ቅጂ እንዳለው ያውቃል። በእኛ አቆጣጠር ካሰቡት ከንጋቱ 12:22 እና ከሌሊቱ 9:10 ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት የሠራ ሰው ግን የለም፣ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ እርማቱ ኢትዮጵያ እንዴት ይደርስ ነበር? ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የልማት መረጃ ክፍል ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባል መንገድ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ፊዶኔትን እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ቶም ጄኒንግስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። አሠራሩ ቁጠባ ላይ የቆመ ነው። ኮምፒውተሮቹ ቀኑን ሙሉ አይገናኙም። ደብዳቤው ይጠራቀማል፤ ከዚያ አንዱ ለሌላው በስልክ ይደውልና ሁሉን ባንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ፤ ይዘጋሉ። የአዲስ አበባው ከለንደኑ ግሪንኔት ጋር ይገናኝ ነበር። ለዚህ አንድ ተራ ፒሲ፣ አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ይበቃል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ካቤካ የተባለውን ፕሮጀክት አካሂዶ ይህንኑ አሠራር በብዙ የአፍሪካ አገሮች አስተክሏል።

ፊዶኔት የራሱን ፕሮግራሞች እርማት የሚያደርሰው በራሱ ነበር። ኤስዲኤስ የሚባል ማከፋፈያ ነበረው። አዲስ ቅጂ ሲወጣ ፋይሉ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ በደወሉ ቁጥር ይተላለፋል። ከፋይሉ ጋር አንድ ትንሽ ማስታወሻ አብራው ትመጣለች። በውስጧ የፋይሉ ስምና የማረጋገጫ ቁጥር አለ። የማረጋገጫ ቁጥር ማለት ከፋይሉ ይዘት ሁሉ ተሰልቶ የወጣ ቁጥር ነው፤ ተቀባዩ ራሱ አስልቶ ያው ቁጥር ከወጣለት ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል ማለት ነው። ይህን በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ ይገርመኛል።

ኢሜይል ብቻ ያለው፣ ፋይል ማውረጃ የሌለው ሰውስ? ለእሱም ዘዴ ነበር። ኤፍቲፒሜይል የሚባሉ ኮምፒውተሮች ነበሩ። «ይህን ፋይል ላክልኝ» ብለው ኢሜይል ሲጽፉላቸው ፋይሉን ቆራርጠው በኢሜይል ይመልሱልዎታል። ችግሩ የዚያ ዘመን ኢሜይል የላቲን ፊደልና ቁጥር እንጂ ፕሮግራም ማሳለፍ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ወደ ተራ ፊደላት ይገለበጣል፤ ዩዩኢንኮድ ይሉታል። ሦስቱ ባይት አራት ፊደል ይሆናል። መጠኑ ከሲሶ በላይ ይጨምራል ማለት ነው። ከአሥሩ ቁራጭ አንዱ ከጠፋ ዘጠኙ ዋጋ የላቸውም።

በነገራችን ላይ የአማርኛ ደብዳቤ የተቸገረውም በዚሁ ነው። መስመሩ ለየአንዳንዱ ፊደል ሰባት ቢት ብቻ ስለሚሰጥ 128 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ከዚያ ይበዛል። በዚህ ምክንያት ሴራ የሚባል፣ ግዕዙን በላቲን ፊደል የሚተካ ሥርዓት ተሠርቶ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሲጻጻፉበት ቆዩ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ዋጋውን እናስላ። አንድ ሙሉ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ይይዛል። በሴኮንድ 2,400 ቢት በሚልክ ሞደም ይህን ለማውረድ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ግድም ይፈጃል፤ መስመሩ ካልተቋረጠ። በ9,600 ደግሞ 26 ደቂቃ ያህል። በ14,400 ሞደም 17 ደቂቃ። በዩዩኢንኮድ ከተገለበጠ በየአንዳንዱ ላይ ከሲሶ በላይ ይጨምሩ። ይህ ሁሉ ዓለም አቀፍ የስልክ ጥሪ ነው፤ ሒሳቡ በደቂቃ ይቆጠራል። የእርማቱ ዋጋ ዜሮ ሆኖ የመንገዱ ዋጋ የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥስ? ይህ በፕሮግራሙ ይወሰናል። ኤክስሞደም የሚባለው አሮጌ የማስተላለፊያ ዘዴ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዜድሞደም የሚባለው አዲሱ ግን ካቆመበት ይቀጥላል። 17ኛው ደቂቃ ላይ መስመር የተቆረጠበት ሰው ልዩነቱን በስልክ ሒሳቡ ያውቀዋል። ሞደሙን ከመቀየር ይልቅ ይህን ነጻ ዘዴ መምረጥ ብዙ ብር ያተርፍ ነበር።

እንግዲህ ብዙ ሰው የመረጠው ከሁሉ የቆየውን መንገድ ነው፤ ፍሎፒውን ለሚመጣ ሰው መስጠት። ከውጭ የሚመለስ ተማሪ ወይም ለስብሰባ የሄደ ባለሙያ በቦርሳው ይዞት ይመጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር ደግሞ በአውቶቡስ። ፍሎፒ ርካሽ ነው፤ ግን ሁለት ጠንቅ አለው። አቧራና ማግኔት ያበላሹታል፣ ቫይረስም ይዞ ይዞራል። ለቫይረሱ መከላከያው ፍሎፒው ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ናት። እሷን ገፍተው ቀዳዳውን ከከፈቱት ማንም ምንም ሊጽፍበት አይችልም። እርማት የያዘ ፍሎፒ ወደ ሰው ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ይህ መደረግ ነበረበት፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም ነበር።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997፣ በእኛ በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ዊንዶውስ 95 የራሱ ማገናኛ ነበረው። አሮጌው ዊንዶውስ 3.1 ግን የለውም፤ ስለዚህ ሰው ትራምፔት ዊንሶክ የሚባል ፕሮግራም ይጭን ነበር። የሠራው ፒተር ታተም የሚባል የአውስትራሊያ ታዝማኒያ ሰው ነው። ሞክረው ከወደዱት 25 ዶላር ይልኩለታል። ፕሮግራሙ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ ገንዘቡን የላከለት ግን ጥቂት ነው። 25 ዶላር ከኢትዮጵያ መላክ ያኔ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለነበር የእኛን ሰው ብዙም አልወቅስም። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን የሚያርመው ፕሮግራም፣ ገቢው ሲቀር እርማቱም እንደሚዘገይ ማወቅ ጥሩ ነው።

ዊንዶውስ 95ስ? እሱ የራሱ ጉድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 1997፣ የእኛ ኢንተርኔት ገና አራት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ዊንኑክ የሚባል ነገር ተሰማ። ኮምፒውተር ከኔትወርክ የሚመጣበትን ነገር የሚቀበለው ፖርት በሚባሉ ቁጥር ባላቸው በሮች ነው። የዊንዶውስ 139ኛው በር «አስቸኳይ» የሚል ምልክት ያለው ፓኬት ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ማሽኑ ሰማያዊ ገጽ ያሳይና ይቆማል። ፋይል አይጠፋም፤ ያላስቀመጡት ጽሑፍ ግን ይሄዳል። አድራሻዎን ያወቀ ማንኛውም ጎረምሳ ከየትም አገር ሆኖ ሊያደርገው ይችላል።

ማይክሮሶፍት ፈጥኖ እርማት አወጣ። ኤንቲ ለተባለው የዊንዶውስ ዓይነት የወጣው የመጀመሪያው እርማት ግን ሁሉንም ቀዳዳ አልዘጋም፤ ሌላ ተከተለው። መስመሩ ላልተመቸው ሰው ግን ምንም ሳያወርድ የሚያመልጥበት መንገድ ነበር። ያ በር የሚያገለግለው በቢሮ ውስጥ ፋይልና ፕሪንተር ለመጋራት ነው። በስልክ ኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው አያስፈልግም። ስለዚህ ከማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ያንን አገልግሎት ከሞደሙ ግንኙነት ላይ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይበቃው ነበር። እርማት ሁሉ ፋይል አይደለም፤ አንዳንዱ አንድ ምልክት ማንሣት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መስመር ውድ በሆነበት አገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነበር።

ፋይሉን አገኙ እንበል። አጫጫኑስ? አዋቂዎች መጀመሪያ አሮጌውን ፋይል በሌላ ፍሎፒ ይቀዱታል። ኮንፊግ እና ኦቶኤግዜክ የሚባሉትን ሁለት ፋይሎችም ይቀዳሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያነባቸው የትእዛዝ ዝርዝሮች ናቸው። ዶስን የያዘ ማስነሻ ፍሎፒም ያዘጋጃሉ። ከዚያ ይጭናሉ፤ አጥፍተው ያበራሉ፤ ይደውላሉ። ካልሠራ በማስነሻው ተነሥተው አሮጌውን ይመልሳሉ። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱ ቅጂ ካልሆነለት አሮጌውም የለውም፤ አሮጌውን በመስመር እንዳያወርድ ደግሞ መስመሩ ተበላሽቷል። ለእርማቱ ፋይል 17 ደቂቃ፣ ለዝግጅቱና ለሙከራው ግማሽ ቀን ማውጣት የተለመደ ነበር።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አካባቢስ? ያኔ በገጠር ከተሞች ስልክ ማለት ብዙውን ጊዜ በኦፕሬተር በኩል የሚያልፍ መስመር ነው። ሰው ቁጥሩን ይናገራል፤ ኦፕሬተሩ ያገናኛል። ሞደም ግን ራሱ ቁጥር መትቶ ራሱ የሚደውል ዕቃ ነው፤ ከሰው ጋር መነጋገር አይችልም። ኋላ የመጣው ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ሳሕን ያገናኘው ከዚህ ዓይነቱ የመስመር ችግር ለማምለጥ ነው።

ዛሬ ይህ ሁሉ አልፏል ይላሉ? አንድ ቦታ ላይ አላለፈም። መካነ ኢየሱስ ወይም ወገዳ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ቢጫንለት፣ ማሽኑ አንዳንዴ የኔትወርክ ካርዱን አያውቀውም። ድራይቨር ይፈልጋል፤ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ማለት ነው። ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባው ደግሞ በካርዱ ነው።

ስለዚህ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት የካርዱን ስም ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተው ይጻፉ። ድራይቨሩን ከሠሪው ድርጅት ገጽ በፍላሽ ያውርዱ። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ያንሳል፤ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ካለ አውርዶ ሊያመጣልዎት ይችላል። ይህን ሳያደርጉ ፎርማት ከተደረገ ስልክዎን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 የአንድሮይድ ስልክን በዚህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያውቁታል። ገመዱ ግን ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ርካሹ ገመድ አይሠራም። ቴዘሪንጉን ከማብራትዎ በፊት ደግሞ የዊንዶውስ አፕዴትን ለጊዜው ያስቁሙት፤ አለበለዚያ ድራይቨሩ ሳይወርድ ፓኬጅዎን ይጨርሰዋል።